ከአንዲት ፍሬ ሽምብራ የሚጀምር ሕክምና

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበርና አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ብቻ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ውኃና የሽምብራ ቆሎ ያለበት የቡና ስኒ ተቀምጧል። በባሕር ዳር ከተማ የሚሠሩት የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ አዲስ ታካሚ ሲመጣላቸው፣ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ከስኒው አንዲት ፍሬ ብቻ አንሥተው መዳፉ ላይ ያኖሩለታል። ቆሎ በእፍኝ ተዘግኖ ወደ አፍ የሚወረወር እንጂ በነጠላ የሚበላ ነገር ስላልሆነ አብዛኛው ሰው ይስቃል፤ ጥቂቱም የተቀለደበት መስሎት ፊቱን ያኮሳትራል። እሳቸው ግን ፍሬዋን ልብ ብሎ እንዲያያት፣ ምጣዱ ያጠቆረውን ጎኗንና የተሰነጠቀ ቅርፊቷን እንዲለይ፣ በጣቶቹ መካከል እንዲያንከባልላት፣ እንዲያሸታት፣ ከዚያም ሳያኝክ ምላሱ ላይ እንዲያቆያት ይጠይቁታል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት ሽምብራ በአንድ ወገኑ እንደ ወፍ መንቆር የሾለ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬዋ ምላሴ ላይ ሆና አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አእምሮዬ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከዚያ ከወንድሜ ጋር ወደተለዋወጥነው ክፉ ቃል፣ ከዚያም ወደ ባጃጁ ወረፋ ሄዶ ነበር። የነቃሁት ባለሙያዋ “የት ሄዱ?” ብለው ሲጠይቁኝ ነው። እንደ እሳቸው አነጋገር ቆሎው ሰበብ ነው፤ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያች የመንቃት ቅጽበት ነው።

ልምምዱ የእሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ “ማይንድፉልነስ” ከሚባለው፣ ትኩረትን በአሁኑ ቅጽበት ላይ ማሳረፍን ከሚያለማምድ ዘዴ የተወሰደ ነው። በዋናው ሥልጠና ቆሎ የለም፤ ያለው ዘቢብ ነው። ጆን ካባት ዚን የተባለው አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒኩን ሲከፍት የሥነ ልቦና ሰው አልነበረም፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሞለኪውላር ባዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ የወሰደ፣ በግሉም የቡዲዝምን ተመስጦ የሚለማመድ የሳይንስ ሰው ነበር። ይላኩለት የነበሩትም ሐኪሞች ያላቸውን ሁሉ ሞክረው ሥር የሰደደ ሕመማቸውን ማስታገስ ያልቻሉላቸው ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የስምንት ሳምንት ሥልጠና አዘጋጀላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በቡድን፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ በየቤታቸው 45 ደቂቃ ያህል። ሕመማችሁን አጠፋላችኋለሁ የሚል ተስፋ አልሰጣቸውም። ሕመሙ ሲመጣ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴት እንደሚታገለው፣ ትግሉ ራሱም ምን ያህል ተጨማሪ ሥቃይ እንደሚያመጣበት እንዲያይ ነበር የሚያሠለጥነው።

ከማሳቹሴትስ የመጣ ዘዴ ጣና ዳር ለሚኖር፣ በአማርኛ ለሚያዝንና በአማርኛ ለሚጨነቅ ሰው ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ በዚህ ጊዜ በከተማችን ደጋግሞ ይነሣል፤ ቃሉ በማኅበራዊ ሚዲያም በአጫጭር ሥልጠናዎችም ተዛምቷልና። መልሱን በአመዛኙ የሚወስነው ዘዴውን የያዘው ሰው ማንነት ይመስለኛል። ማንነት ስልም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲግሪ ማለቴ አይደለም።

አስቀድሞ ስሙን እንይ። ብዙዎች እንዳለ “ማይንድፉልነስ” ይሉታል። “አስተውሎት” ጥሩ አቻ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን “ሰው ሠራሽ አስተውሎት” ከተባለ ወዲህ ቃሉን ስንሰማ ትዝ የሚለን ኮምፒውተር ሆኗል። “ንቃተ ኅሊና” ለእኔ ዕድሜ ሰው የስብሰባ አዳራሽ ይሸታል፤ “ተመስጦ” ደግሞ በቀጥታ ወደ ገዳም ይወስዳል። ባለሙያዋ ከሁሉ የመረጡት ከእናታቸው አፍ ሲሰሙት ያደጉትን “ልብ ማለት” የሚለውን ነው። “መንገዱን ልብ በይ”፣ “የሚልሽን ልብ ብለሽ ስሚ” እየተባለ ላደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ይላሉ።

ቋንቋው ከዚህም በላይ ያግዛል። ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደከመኝ፣ ሆድ ባሰኝ ስንል በሰዋስው ረገድ ሰውየው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ጭንቀቱ ከውጭ የመጣ፣ የያዘ፣ ጊዜው ሲደርስም የሚለቅ ነገር ሆኖ ይቀርባል። ሐሳብም እንዲሁ ይመጣብናል፣ ይይዘናል፣ ጭልጥ አድርጎ ይወስደናል። ለድባቴ በተዘጋጀው የልብ ማለት ሕክምና ውስጥ ከዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ፣ ሐሳብ የአእምሮ እንቅስቃሴ እንጂ የግድ እውነት እንዳልሆነ፣ ሰውየውም ከሐሳቡ ጋር አንድ እንዳልሆነ ማየት ነው። ሰው ከስሜቱ ጋር “ነኝ” በሚል ግሥ በሚተሳሰርበት ቋንቋ ይህን ማስረዳት ብዙ ድካም ይጠይቃል። ባለሙያዋ ግን ታካሚው ራሱ በተናገረው ግሥ ይጀምራሉ፤ “ሐሳብ ያዘኝ አሉኝ፤ ሲይዝዎት የት ጋ ነው የሚይዝዎት? ሲለቅዎትስ በምን ያውቃሉ?” ይሉታል። የዚህ ሰዋስው ሌላ ጎኑም መዘንጋት የለበትም። ተሳቢ መሆን ለአንዳንዱ ሰው እፎይታ ሲሆን፣ ለሌላው “ከያዘኝ ምን ማድረግ እችላለሁ” ለሚል እጅ መስጠት ሰበብ ይሆናል፤ ሁለቱን ለይቶ መስማት የባለሙያው ሥራ ነው።

“የት ጋ” የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ቅሬታውን በሆዱ፣ ርኅራኄውን በአንጀቱ፣ ንዴቱን በደሙ፣ ድፍረቱን በልቡ ያኖራል። ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይቃጠላል፣ ደም ይፈላል፣ ልብ ይሰበራል። ሆድ የምሥጢር ማኖሪያም ነው፤ ሊነገር ያልቻለውን “ሆድ ይፍጀው” ብለን እዚያ እንከተዋለን። ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰውም ብዙ ጊዜ አዝኛለሁ ብሎ አይጀምርም፤ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬን ነው የሚያመኝ ይላል፤ ምርመራው ምንም ካላሳየ ደግሞ ምንም የለብህም ተብሎ ይመለሳል። በስምንት ሳምንቱ ሥልጠና ውስጥ “የሰውነት ቅኝት” የሚባለው ልምምድ፣ ማለትም ትኩረትን ከእግር ጣት ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ አናት መውሰድ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ከንግግር ይልቅ የቀረበ መግቢያ ይሆንለታል። ባለሙያዋ ጫማ አስወልቀው ባዶ እግርን ሲሚንቶው ላይ በማሳረፍ ይጀምራሉ፤ ቅዝቃዜው ለመጀመሪያው ትኩረት ይበቃል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ጭን እያሉ ሲወጡ ታካሚው በአብዛኛው እየተከተለ ይመልሳል። ሆድ ላይ ሲደርሱ ብዙው ሰው ዝም ይላል። እሳቸውም ዝም ይላሉ።

ይህን ዝምታ መቻል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ልጅነታቸው መመለስ ያስፈልጋል። የተወለዱት ዘጌ ነው። ዘጌ ቡናውና ገዳማቱ በአንድ ጫካ ውስጥ የሚኖሩበት፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል የተነሣ በበሬ አይታረስም የሚባልለት ምድር ነው። አባታቸው ግን የቡና ሰው ሳይሆኑ ጀልባ ነጂ ነበሩ። ባለሙያዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸውን ጣና ወሰደው። ከዚያ ቀን ወዲያ አባትየው ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ ዱካቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ነበር። የልጁም ስም በቤቱ አልተነሣም። ለቅሶ የመጣው ጎረቤት ሁሉ እናቲቱን ብቻዋን አትተዋት፣ አጫውቷት፣ እንዳታስብ ይል ነበር፤ ትንሿን ልጅ ምን እንዳየች የጠየቃት አልነበረም። ይህን በስማቸው እስካልጠቀስኩት ድረስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። “ቤታችን ጸጥ ያለ ነበር፤ ግን ማንም ምንም ነገር ልብ አይልም ነበር” አሉኝ።

ለቅሶ ቤትን ለመንቀፍ አይደለም። ዕድሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ከሐዘንተኛ ጋር አብሮ ማደሩ ሰውን ከመሰበር ያተረፈ ሥርዓት ነው፤ ብዙ አገር ባለሙያ ቀጥሮ የማያገኘውን እኛ በጎረቤት እናገኛለን። እንከኑ የሚታየው ሰው ተበትኖ ከሄደ በኋላ፣ “እርሺው” የሚለው ቃል ብቻውን ሲቀር ነው። ልጅቷ የተማረችው ሐዘን ሲመጣ ቶሎ የሚሸፈን፣ ዝምታ ሲወርድ ቶሎ የሚሞላ ነገር መሆኑን ነው።

ያንኑ ትምህርት ይዘው ነው ወደ ሙያው የገቡት። ሥነ ልቦና አጥንተው ሥራ ሲጀምሩ በራቸው ላይ “የምክር አገልግሎት” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር፤ የበሩ ቃል የሚገባውን ሰው ጥያቄ አስቀድሞ ይወስናል። ሰዉ ምክር ፍለጋ ይመጣል፤ “ዶክተር፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ” ይላል። ዶክተር አይደለሁም ቢሉትም ዶክተር ማለቱን አይተውም። እሳቸውም ይነግሩት ነበር። ባልሽን እንዲህ በይው፣ ሥራህን አትልቀቅ፣ ለልጅሽ ጊዜ ስጪ። ታካሚው ከጥቂት ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ደረታቸው ይጨንቅና አንድ ነገር ይናገራሉ። ያ ዝምታ የታካሚው ሳይሆን ዱካውን ወደ ግድግዳ ያዞረው አባታቸው ዝምታ እንደነበር የገባቸው በጣም ዘግይቶ ነው። የባለሙያ የግል ታሪክ፣ ባለቤቱ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሳይጠራ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ የሥነ ልቦና ሕክምና ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ሐኪሙ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር ሲባል የኖረውም ለዚህ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተፈናቃዮች ጋር ሲሠሩ ነገሩ ገፍቶ መጣ። በቀን ውስጥ የሰሙትን ማታ ይዘውት ያድራሉ፤ እንቅልፍ ራቃቸው፤ ልጃቸው ወተት ስለደፋ ብቻ የጮኹበትን ጩኸት እስካሁን ያስታውሱታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ቀን ሲቀዝፉበት የዋሉትን ማታ ከባሕሩ አውጥተው፣ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይና ነፋስ እንዲያደርቀው ይተዉታል፤ ሳይደርቅ ደጋግሞ የገባ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ባለሙያዋ ይህን ምሳሌ የሚጠቅሱት ስለ ራሳቸው ነው። የስምንት ሳምንቱን ሥልጠና በኢንተርኔት የወሰዱት ለታካሚ ሊሰጡት አስበው ሳይሆን እንቅልፋቸውን ሊመልሱ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ላይ ዓይናቸው ተገልጦ ወደ ባሕሩ ፊት ለፊት እያዩ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ቻሉ። ለዘጌ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የዘዴው ታሪክ ራሱ ይህን ቅደም ተከተል ይደግፈዋል። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድባቴ ከዳነ በኋላ እንዳያገረሽ የሚከላከል ሕክምና ሲፈልጉ፣ የካባት ዚንን ልምምድ እንደ አንድ የቴክኒክ ስብስብ ወስደው እነሱ ሳይለማመዱት ለታካሚ ሊያስተምሩት አስበው ነበር። ማሳቹሴትስ ሄደው አሠልጣኞቹን ሲመለከቱ ግን፣ ታካሚው ሲያለቅስ ወይም ሲናደድ ሊያስተካክሉት የማይጣደፉት ራሳቸው በየዕለቱ ስለሚለማመዱ መሆኑን ተረዱ፤ ኋላም አሠልጣኝ የሚሆን ሰው የራሱ ልምምድ ሊኖረው ይገባል የሚል አቋም ያዙ። ዋና የማይችል ሰው ዳር ቆሞ ዋና ሊያስተምር አይችልም ብንል ለጣና ዳር ሰው ይገባዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥያቄ አለ፦ ባለሙያው የራሱን ታሪክ ለታካሚው ይንገረው ወይስ ይደብቀው? ማርሻ ሊነሃን የተባሉት አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት፣ ራስን የመጉዳትና የማጥፋት ሐሳብ ለሚያሠቃያቸው ሰዎች ልብ ማለትን ከመሠረቶቹ አንዱ ያደረገ ሕክምና ቀርጸው በዓለም ዙሪያ ታወቁ። በ17 ዓመታቸው እሳቸው ራሳቸው በዚሁ ሥቃይ ሐርትፎርድ ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገብተው ከሁለት ዓመት በላይ መቆየታቸውን በይፋ የተናገሩት ግን በ2011 እ.ኤ.አ.፣ በ68 ዓመታቸው፣ በዚያው ተቋም ተገኝተው ነው። ታሪኩ ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕክምናው በጥናት ተፈትኖ የቆመው ታሪኩ ሳይነገር መሆኑ ነው። የእኛዋ ባለሙያም ለታካሚ አይናገሩትም። ሰውየው የራሱን ሸክም ተሸክሞ መጥቷል፣ የእኔን ልጨምርበት አልችልም ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በተለይ አሁን አሁን የራስን ቁስል በቪዲዮ ማሳየት የባለሙያነት ማስረጃ እየመሰለ በመጣበት ጊዜ። መቁሰል ብቻውን ሐኪም አያደርግም፤ ያልታከመ ቁስልማ የሌላውን ቁስል እንዳይታይ ይጋርዳል።

ዘዴው ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ከማስታወቂያው የቀዘቀዘ ከጥርጣሬው ግን የተሻለ መልስ አለ። እነ ቲስዴል በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት የ145 ሰዎች ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ድባቴ ከያዛቸው መካከል የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 66 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ ሥልጠናውን ከጨመሩት ያገረሸባቸው 37 በመቶ ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ታመው በነበሩት ላይ ግን ጥቅም አልታየም። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 424 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ሥልጠናውን እየወሰዱ መድኃኒት ቀስ በቀስ የቀነሱትን መድኃኒቱን ከቀጠሉት ጋር ሲያወዳድር የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፣ አማራጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ 47 ጥናቶችንና 3,515 ሰዎችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማም ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም መኖሩን አረጋግጦ፣ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን እንዳላገኘ ገልጿል። “ጭንቀትን በሰባት ቀን” የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይያዝ።

በአገራችን ሁኔታ ጥያቄው ሌላ ክብደት አለው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሏት ከተማ ብትሆንም፣ ሰዓት ወስዶ የሚያነጋግር ባለሙያ የሐኪሙንና የነርሱን ያህል በቀላሉ አይገኝም። በዚህ ረገድ የሚጠቅመን ምሳሌ ከአሜሪካ ይልቅ ከሐራሬ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት ዚምባብዌያዊ የአእምሮ ሐኪም በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ የሠለጠኑ አሮጊቶች ሰዎችን እንዲያነጋግሩ አደረጉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የ573 ሰዎች ጥናትም ውጤታማነቱን አሳይቷል። አሮጊቶቹ ሕመሙን የሚጠሩት በባዕድ ስም ሳይሆን በሾና ቋንቋ “ኩፉንጊሲሳ” ብለው ነው፤ ትርጉሙ ማሰብ ማብዛት ነው። እኛም “በሐሳብ አለቀ” እንላለን። የሐራሬው ዘዴ ችግር መፍታትን የሚያስተምር እንጂ የልብ ማለት ልምምድ አይደለም፤ ነገር ግን ሕመሙን ከሰዉ ቋንቋ ተነሥቶ መያዝ ምን እንደሚያስገኝ ያሳየናል።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ታካሚዎች በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ዮጋ ነው ወይ፣ ከእምነቴ ይጋጫል ወይ ይላሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃል። ባለሙያዋ ምንጩ የቡዲዝም ልምድ መሆኑን አይደብቁም፤ በክፍላቸው ውስጥ ግን የሚደጋገም ቃልም፣ ስግደትም፣ የሚታመን ነገርም እንደሌለ ያስረዳሉ። በጸሎትና በዱዓ ሰው ፈጣሪውን ያናግራል፤ እዚህ የሚናገሩት ወደ ማንም አይደለም፣ ማየት ብቻ ነው። ጸበል የጀመረችን ሴት ተዪው አይሏትም፤ መድኃኒቷን ግን አቋርጣ እንዳትሄድ ይማጸኗታል። በሌላ በኩል “ይህማ የእኛ አባቶች በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሲያደርጉት የኖሩት ነው” የሚል ኩራት በቅርቡ እየተሰማ ነው። ደስ ይላል፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። አርምሞም ጽሞናም የራሳቸው ሥርዓትና የራሳቸው መድረሻ አላቸው። መነኩሴው የገባው ፈጣሪውን ፍለጋ ነው፤ ታካሚዋ የመጣችው እንቅልፍ ፍለጋ ነው። አንድ ናቸው ማለት ሁለቱንም ያሳንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጸጥታው ጉዳይ ነው። ልብ ማለት ሰውን ወደ አሁን ይመልሳል ይባላል፤ አሁን ራሱ የሚያስፈራ ከሆነስ? በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ያደረ ሰው ሲደነግጥ ፍርሃቱ በሽታ አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ያለ ጠባቂ ነው። አንድ ጊዜ በተገኘሁበት ሥልጠና ላይ ከቀያቸው የተፈናቀሉ እናቶች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚወዱትን ቦታ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያዩ ተጠየቁ። አንዲት ሴት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሥተው ወጡ። ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሳገኛቸው፣ “ልጄ፣ ስጨፍን የሚታየኝ የተቃጠለው ቤቴ ነው” አሉኝ። አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠውን ወረቀት ነበር የሚያነበው።

ይህን ለባለሙያዋ ሳነሣባቸው አልተገረሙም። ትኩረትን ወደ ውስጥ መመለስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጭንቀትን እንደሚያብስ፣ የተቀበረ ትዝታን በድንገት እንደሚያመጣ ባለፉት ዓመታት በጥናትም ተመዝግቧል። ስለዚህ ከባድ ነገር ላለፈበት ሰው ዓይን አያስጨፍኑም፤ ትንፋሽንም አያስከትሉም፣ ትንፋሽ የሚያፍነው ሰው አለና። ወንበሩን በሩን እንዲያይ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲሆን ያዞሩለታል። ትኩስ ሻይ በሁለት እጁ ያስይዙትና ሙቀቱ የት ድረስ እንደሚሰማው ይጠይቁታል፤ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። የሌለ ድምፅ የሚሰማውን፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ወይም ቀንና ሌሊት የተምታታበትን ሰው ደግሞ ልምምድ ሳያስጀምሩ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካሉ፤ አስፈላጊ ከሆነም አብረው ይሄዳሉ። ቤቱ ለፈረሰበት፣ የሚበላው ላጣ ሰው ልብ ማለትን በዳቦ ፋንታ ማቅረብ ነውር ነው የሚል አቋም አላቸው፤ ስለዚህም ከመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው አንዱ “ዛሬ ምን በሉ?” የሚል ነው።

የጊዜውም ነገር አልተፈታም። በቀን 45 ደቂቃ ለብቻ መቀመጥ እንጀራ ለምትጋግር፣ ልጅ ለምታሳድግ፣ ቤቷ አንድ ክፍል ለሆነ ሴት ቀልድ ነው። ባለሙያዋ ልምምዱን ቀድሞ በቀኗ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ያያይዙታል፤ ቡና ስትቆላ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ መንኳኳቱ ሲጀምር፣ ጢሱ ሲነሣ በዚያች አምስት ደቂቃ ስልክ ሳትነካ ልብ እንድትለው። አቦሉ ብቻዋን፣ ቶናውና በረካው ከጎረቤት ጋር። ዘዴው የሰዉን ኑሮ ያከበረ ነው። ሆኖም ከላይ የጠቀስኳቸው ውጤቶች የተገኙት በሙሉው መጠን ነው፤ የመድኃኒትን መጠን አሳንሶ ያንኑ ፈውስ መጠበቅ እንደማይቻል ሁሉ፣ የአምስት ደቂቃው ቡና የስምንቱን ሳምንት ያህል ይሠራል ብሎ ማወጅ አይቻልም። እሳቸውም አያውጁም። ታካሚ በሚመጣ ቁጥር እንቅልፉንና የምግብ ፍላጎቱን በደብተር ይመዘግባሉ፤ በስድስተኛው ቀጠሮ ለውጥ ካልታየ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ።

እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው ምን ይጠይቅ ብዬ ነበር የመጨረሻውን ጥያቄ ያቀረብኩላቸው። የት እንደተማሩ፣ ሥራቸውን የሚያይላቸው ሌላ ባለሙያ እንዳለ፣ የማይችሉት ሲገጥማቸው ወደ ማን እንደሚልኩ ይጠይቋቸው አሉኝ፤ ከዚያ ቆም ብለው፣ ራሳቸው ይለማመዱት እንደሆነም ይጠይቋቸው ሲሉ ጨመሩ። እርስዎስ አልኳቸው። ስኒውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ሣቁ። በዚህ ሳምንት አንድም ቀን እንዳልተቀመጡ ነገሩኝ፤ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅ ታሞ፣ እንግዳ መጥቶ ነበር። የታወቃቸውም ረቡዕ ዕለት ነው፤ አንድ ወጣት ስለ አባቱ ሲናገር ዝም ባለበት ቦታ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲነግሩት ራሳቸውን ሰሙት።